የኢትዮጵያ ቀን መምረጫን የጄኩዌሪ ፕለጊን ማድረግ፦ «ፈንክሽን አይደለም»፣ ደጋግሞ የሚከፈት ካሌንደርና አንድ ቀን ወደኋላ የሚቀር መዝገብ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሲስተም እየሠራሁ ነው። የምጠቀመው ጄኩዌሪ 3 (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ነው። የልደትና የቀጠሮ ቀን በእኛ አቆጣጠር እንዲሞላ አንድ ፈንክሽን ጽፌ 11 ገጽ ላይ ኮፒ አድርጌዋለሁ። አሁን ወደ ፕለጊን (በየገጹ ሳይገለበጥ ወደሚጠራ ተጨማሪ ኮድ) ልቀይረው ስል ሦስት ነገር ገጠመኝ። አንዳንድ ገጽ ላይ ‹ፈንክሽን አይደለም› የሚል ስህተት ይመጣል፤ የታካሚው ፎርም በድጋሚ ሲከፈት ካሌንደሩ ሁለቴ ሦስቴ ይደራረባል፤ ዳታቤዝ ውስጥ የሚገባው ቀን ደግሞ አንድ ቀን ወደኋላ የቀረ ነው። ከየት ልጀምር?»

ከሦስተኛው ይጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሠራተኛውን ያሰለቻሉ እንጂ ወዲያው ይታያሉ። ሦስተኛው ግን ድምፁን አጥፍቶ መዝገብ ያበላሻል፤ ታካሚውንም ባልተቀጠረበት ቀን ያመላልሳል። ፕለጊኑን የቱንም ያህል አሳምረው ቢሠሩት፣ የተሳሳተ ስሌት ከያዘ የሚያደርገው ስህተቱን ወደ 11ዱም ገጽ ማዳረስ ብቻ ነው።

(የኮድ ቃላቱን በአነባበባቸው በፊደላችን እጽፋለሁ፤ ኮዱ ውስጥ ሲያስገቡ በላቲን ይመልሷቸው።)

ቀኑ ለምን ወደኋላ ይቀራል

የጃቫስክሪፕት «ዴት» ኦብጀክት ቀን አይይዝም፤ የሚይዘው ቅጽበት ነው። ዓመት፣ ወርና ቀን ሰጥተው ሲፈጥሩት በኮምፒውተሩ የሰዓት ቀጠና የዚያን ዕለት እኩለ ሌሊት ያስቀምጣል። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ ስለዚህ የእኛ እኩለ ሌሊት በዓለም አቀፉ ሰዓት ገና የቀደመው ቀን 21:00 ነው። ይህን ኦብጀክት በ«ቱ-አይኤስኦ-ስትሪንግ» ወደ ጽሑፍ ሲቀይሩት ሴፕቴምበር 11 የነበረው ሴፕቴምበር 10 ሆኖ ይወጣል። ይህን ፈንክሽን ኮድዎ ውስጥ ፈልገው ቢያጡትም አይረጋጉ፤ ኦብጀክቱን በ«ጄሰን-ስትሪንጊፋይ» ሲልኩት ራሱ ጄሰን ከውስጥ ይጠራዋል።

ስህተቱ ቶሎ የማይነቃበት ምክንያትም አለ። ከሰርቨር የመጣውን «2024-09-11» የሚል ጽሑፍ «ዴት» ሲያነበው እንደ ዓለም አቀፍ እኩለ ሌሊት ይወስደዋል፤ ያ በእኛ ሰዓት የዚያው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሲነበብ ትክክል ሆኖ ይታያል፣ ሲጻፍ ይሳሳታል። አንድ ፎርም ተከፍቶ ሳይነካ በተቀመጠ ቁጥር አንድ ቀን ወደኋላ የሚንሸራተተው በዚህ ነው። ሦስት ጊዜ የተከፈተ ካርድ ሦስት ቀን ሊቀር ይችላል።

መፍትሔው በአካባቢ ሰዓት ጨርሶ አለመሥራት ነው። ቀኑን ወደ አንድ ሙሉ ቁጥር፣ ማለትም ወደ ጁልያን የቀን ቁጥር (ከአንድ ጥንታዊ መነሻ ጀምሮ የቀናት ተከታታይ ቆጠራ) ይቀይሩት። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲነሱ፦

የቀን ቁጥር = 1724221 + 365 × (ዓመት − 1) + የ(ዓመት ÷ 4) ሙሉ ክፍል + 30 × (ወር − 1) + ቀን − 1

ወሩ ከ1 እስከ 13 ይቆጠራል፤ መስከረም 1፣ ጳጉሜን 13 ነው። ሲመለሱ፦

ሀ = የቀን ቁጥር − 1723856
ለ = ሀ ለ1461 ሲካፈል የሚቀረው
ዓመት = 4 × የ(ሀ ÷ 1461) ሙሉ ክፍል + የ(ለ ÷ 365) ሙሉ ክፍል − የ(ለ ÷ 1460) ሙሉ ክፍል
መ = ለ ለ365 ሲካፈል የሚቀረው + 365 × የ(ለ ÷ 1460) ሙሉ ክፍል
ወር = የ(መ ÷ 30) ሙሉ ክፍል + 1
ቀን = መ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው + 1

1461 የአራት ዓመት ቀናት ድምር ነው። 1460 የሚገባው ለጳጉሜን 6 ሲባል ነው፤ ያን ቁራጭ ረስተው ቢተዉት ጳጉሜን 6 ተዘልሎ የሚቀጥለው ዓመት መስከረም 1 ይሆንብዎታል።

ወደ ጎርጎርዮስ ለመሄድ ከቀን ቁጥሩ 2440588 (የእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 የቀን ቁጥር) ይቀንሱና በ86400000 (በአንድ ቀን ሚሊሰከንዶች) ያባዙ፤ ውጤቱን ለ«ዴት» ይስጡት። ከዚያ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን የሚያወጡት «ዩቲሲ» (ዓለም አቀፉ ሰዓት) ባለባቸው ፈንክሽኖች ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ለተፈጠረ ኦብጀክት «ቱ-አይኤስኦ-ስትሪንግ» የሚሰጠው የመጀመሪያ 10 ፊደልም አስተማማኝ ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ «ዴት.ዩቲሲ» ሰጥተው ለ86400000 ያካፍሉና 2440588 ይደምሩ። የጃቫስክሪፕት ወር ከ0 እንደሚጀምር አይርሱ። የሳምንቱን ቀን ለማግኘት የቀን ቁጥሩን ለ7 አካፍለው ቀሪውን ይውሰዱ፤ 0 ሰኞ ነው፣ 6 እሑድ።

በአካባቢ ሰዓት የሁለት ቀን ልዩነትን ለ86400000 ማካፈል ለልደት ቀን አይሆንም። በጣም ለቆዩ ቀናት የብራውዘሮች የሰዓት ቀጠና መዝገብ ለአዲስ አበባ የያዘው ልዩነት ልክ 3 ሰዓት ስላልሆነ፣ የአዛውንቶች ዕድሜ ሲሰላ ክፍልፋይ ቀን ይመጣል።

ስሌቱን እነዚህ ላይ ይሞክሩት፤ እያንዳንዱ የተለየ ስህተት ያወጣል። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው፤ የቀን ቁጥሩ 2454356፣ ዕለቱ ረቡዕ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 እና ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ሁለቱም ጃንዋሪ 7 ላይ መውደቅ አለባቸው፤ ከጳጉሜን 6 ማግስት ባለው ዓመት ገና በ28 እንደሚከበር ሁሉ ስሌትዎም ይህን ማወቅ አለበት። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የዐድዋ ቀን ነው፦ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማርች 1 ቀን 1896 ይሆናል፤ በዘመናችን ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። እ.ኤ.አ. 1900 በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፤ በእኛ ግን አራት ዓመት ሳይዘለል ይሄዳል። «ሰባት ዓመት ከስምንት ወር» ብሎ በቀጥታ ቀንሶ የሚሠራ ኮድ እዚህ ላይ ይያዛል።

አስቀድሞ የተበላሸውን መዝገብ በጅምላ አንድ ቀን አይጨምሩለት። በመጀመሪያ የዳታቤዙ ዓምድ ሰዓትም ይይዝ እንደሆነ ያረጋግጡ። ሰዓት ከያዘ 21:00 የተጻፈባቸው መዝገቦች የተበላሹት ናቸው፤ እነዚያ ላይ 3 ሰዓት መጨመር ያስተካክላቸዋል። ቀን ብቻ ከያዘ ግን ከወረቀቱ ካርድ ጋር ከማመሳከር ሌላ አስተማማኝ መንገድ የለም። ክሊኒኩ እሑድ ቀጠሮ የማይሰጥ ከሆነ እሑድ ላይ የወደቁትን ቀጠሮዎች መጀመሪያ ያውጡ፤ ከሰኞ የተንሸራተቱት እነሱ ስለሆኑ ስህተቱ ከየትኛው ሳምንት እንደጀመረ ይጠቁማሉ።

ይህን ሁሉ ስሌት ከጄኩዌሪ ነፃ በሆነ አንድ ፋይል ያስቀምጡት። ፕለጊኑ ይጠራዋል እንጂ አይዘው። ነገ ሪፖርቱን የሚሠራው ገጽ ያለ ጄኩዌሪ ሊፈልገው ይችላል፤ ደግሞም ገጽ ሳይከፍቱ ሊሞክሩት ይችላሉ። ጃቫስክሪፕት የተለዋዋጭ ስም በፊደላችን መጻፍ ስለሚፈቅድ ከላይ ያሉትን ስሞች እንዳሉ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን «ዓመት» እና «አመት» ለብራውዘሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ከአንድ ሰው በላይ በሚነካው ኮድ ውስጥ ይህ የሚያስከትለው ፍለጋ ረጅም ስለሆነ እኔ አልመክረውም።

«ፈንክሽን አይደለም» የሚለው ስህተት

ለመረዳት አንድ ነገር ይበቃል። «$.ኤፍኤን» የጄኩዌሪ ፕሮቶታይፕ ሌላ ስም ነው። እዚያ ላይ የሰቀሉት ፈንክሽን ሁሉ በዶላር ምልክት በተመረጠ ማንኛውም ኤለመንት ላይ ይጠራል። ስህተቱ የሚመጣው የሰቀሉበት ጄኩዌሪና የጠሩበት ጄኩዌሪ አንድ ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው።

ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ሁለት ጊዜ የተጫነ ጄኩዌሪ ነው። የገጹ ራስጌ አንዱን ይጭናል፣ ፕለጊኑ ይሰቀላል፣ ከዚያ ከገጹ ግርጌ ከተገዛ ቴምፕሌት ጋር የመጣ ሌላ ኮፒ ተጭኖ የመጀመሪያውን ይሸፍነዋል። አዲሱ ኮፒ ላይ ፕለጊኑ የለም። ለማረጋገጥ የብራውዘሩን ኮንሶል ይክፈቱና «ጄኩዌሪ.ኤፍኤን.ጄኩዌሪ» ብለው ይጠይቁ፤ የሚሰጥዎ ቁጥር የጫኑት ቨርዥን ካልሆነ ሌላ ኮፒ አለ። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም እንኳ በኔትወርክ መከታተያው ውስጥ ፋይሉ ስንት ጊዜ እንደወረደ ይቁጠሩ፤ አንድ ዓይነት ቨርዥን ሁለቴ ሲጫንም ያው ነው።

ቀጥሎ የመጫኛ ቅደም ተከተል ነው። በስክሪፕት ምልክቱ ላይ «ኤሲንክ» ካለ ፋይሎቹ በደረሱበት ቅደም ተከተል ይሠራሉ፤ ትንሹ ፕለጊን ትልቁን ላይብረሪ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ስህተቱ አንዳንዴ እየመጣ አንዳንዴ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ። «ዲፈር» ግን ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል። ጄኩዌሪውንም ከውጭ ሰርቨር ከመጥራት ይልቅ በራስዎ ሰርቨር ያስቀምጡት፤ ተጨምቆ ሲላክ ወደ 30 ኪሎባይት ነው፣ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ካርድ ክፍሉ መቆም የለበትም።

ሦስተኛው የስም ግጭት ነው። ፕለጊንዎን «ዴትፒከር» ብለው አይሰይሙት። ጄኩዌሪ ዩአይ ይህን ስም ይይዛል፣ ለቡትስትራፕ የተሠራው የቀን መምረጫም እንዲሁ፤ ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ኋላ የተጫነው ያሸንፋል። ለዚህ ምላሽ «ኢትቀን» እንበለው።

የፕለጊኑ አካል

ፋይሉን በሙሉ ራሱን ወዲያው በሚጠራ ፈንክሽን ይጠቅልሉትና «ጄኩዌሪ» የሚለውን ሙሉ ስም ከውጭ ያስገቡለት፤ ከውስጥ በዶላር ምልክት ይቀበሉት። ገጹ «ኖ-ኮንፍሊክት» ጠርቶ የዶላር ምልክቱን ለሌላ ላይብረሪ ቢለቅም የእርስዎ ኮድ አይነካም።

«$.ኤፍኤን.ኢትቀን» ላይ የሚሰቅሉት ፈንክሽን መደበኛ ፈንክሽን መሆን አለበት እንጂ በቀስት የሚጻፈው አይደለም። የቀስት ፈንክሽን የራሱ «ዚስ» ስለሌለው የተመረጡትን ኤለመንቶች አያገኛቸውም። በዚህ ፈንክሽን ውስጥ «ዚስ» አስቀድሞ የጄኩዌሪ ኦብጀክት ነው፤ እንደገና በዶላር መጠቅለል አያስፈልግም። «ዚስ.ኢች» ውስጥ ሲገቡ ግን «ዚስ» ራሱ ኤለመንቱ ይሆናል፤ እዚያ መጠቅለል ያስፈልጋል። የ«ዚስ.ኢች»ን ውጤት በ«ሪተርን» ይመልሱ፤ አለዚያ ከፕለጊንዎ በኋላ ሌላ ነገር በሰንሰለት ሊቀጥል አይችልም።

ምርጫዎቹን በ«$.ኤክስቴንድ» ያዋህዱ፤ መጀመሪያ ባዶ ኦብጀክት፣ ከዚያ ዲፎልቱ፣ ከዚያ ከፈንክሽኑ ጥሪ የመጣው፣ በመጨረሻ ኤለመንቱ ላይ በ«ዳታ» አትሪቢውት የተጻፈው። ባዶውን ኦብጀክት ከረሱ ዲፎልቱ ራሱ ይለወጣል፤ ለቀጠሮው «ካለፈ ቀን አይቀበል» ያሉት ለልደት ቀኑም ይሠራና ማንም ታካሚ ልደቱን ማስገባት ያቅተዋል። «አንዲፋይንድ» የሆነ ምርጫ ዲፎልቱን አይሸፍንም፤ «ነል» ግን ይሸፍነዋል። ጥልቅ ውህደቱን የወር ስሞች ዝርዝር ላይ አይጠቀሙት፤ ዝርዝርን በቦታ ቁጥር ስለሚያዋህድ የግማሽ ዝርዝር ቅልቅል ይወጣል። ላይብረሪውም ከ3.5 በታች ከሆነ አሁኑኑ ያሳድጉት፤ በ3.4.0 የ«ኤክስቴንድ» ጥልቅ ውህደት የደኅንነት ቀዳዳ ተደፍኗል፣ በ3.5.0 ደግሞ ጽሑፍን ወደ ኤችቲኤምኤል በሚቀይርበት መንገድ የነበረው።

ለእያንዳንዱ ሥራ አዲስ ስም «$.ኤፍኤን» ላይ አይስቀሉ። አንድ ስም ብቻ ይያዙና ትእዛዙን እንደ ጽሑፍ ይቀበሉ፦ ክፈት፣ ዝጋ፣ ዋጋ አምጣ፣ አንሣ። ዋጋ የሚጠይቀው ትእዛዝ ሰንሰለቱን አይመልስም፤ የመጀመሪያውን ኤለመንት ዋጋ ይመልሳል፣ ልክ «.ቫል» እንደሚያደርገው።

ካሌንደሩ ለምን ይደራረባል

ፎርሙ በተከፈተ ቁጥር ማስጀመሪያው ይጠራል። ያው ኤለመንት ላይ ከሆነ ሃንድለሩ (ለኢቨንት ምላሽ የሚሰጠው ፈንክሽን) ሁለት ይሆናል፤ በሚቀጥለው ሦስት። ይህን መከላከሉ ቀላል ነው፦ ኢንስታንሱን (ለዚያ ኤለመንት የተፈጠረውን ካሌንደር) በ«.ዳታ» ኤለመንቱ ላይ ያኑሩ፣ ከመፍጠርዎ በፊት መኖሩን ይጠይቁ፣ ካለ ምርጫውን ብቻ ያድሱ።

እርስዎ ጋር ያለው ግን ከዚህ የከፋው ሳይሆን አይቀርም። ፎርሙ በኤጃክስ (ገጹ ሳይታደስ ከሰርቨር) እየመጣ አሮጌው በ«.ኤችቲኤምኤል» ሲተካ፣ ጄኩዌሪ ከሚወጡት ኤለመንቶች ጋር የተያያዘውን ዳታና ሃንድለር ያጸዳል (በቀጥታ «ኢነር-ኤችቲኤምኤል» ላይ ከጻፉ ይህንም አያደርግም)። ከፎርሙ ውጭ የተዉትን ግን አያውቀውም። ካሌንደሩ የሚታይበት ሳጥን በገጹ «ቦዲ» መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ «ውጭ ሲነካ ዝጋ» የሚለው ሃንድለር ደግሞ «ዶክዩመንት» ላይ እንደታሰረ ነው። በቀን 40 ካርድ የሚከፍት ሠራተኛ ገጹን ካላደሰ ከሰዓት በኋላ 40 ሳጥንና 40 ሃንድለር ይዞ ይሠራል። ኮምፒውተሩ አርጅቷል የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ስለዚህ ፕለጊን የሚመዘነው ሲገባ በሚያደርገው ብቻ ሳይሆን ሲወጣ በሚያነሣው ነው። የሚያስሩትን ኢቨንት ሁሉ ከነጥብ በኋላ በፕለጊኑ ስም ይሰሩት፤ «ክሊክ.ኢትቀን» ብለው ካሰሩ በ«.ኦፍ» «.ኢትቀን» ማለት የእርስዎን ብቻ ይፈታል፣ የሌላ ሰው ኮድ አይነካም። «ዶክዩመንት» ላይ ለሚታሰረው የኢንስታንሱን ተራ ቁጥርም ይጨምሩ፤ አለዚያ አንዱን ፎርም ሲዘጉ የሌላውን መዝጊያ ይፈቱታል። «አንሣ» የሚለው ትእዛዝ ሃንድለሩን ይፍታ፣ ሳጥኑን ያስወግድ፣ ዳታውን ያጥፋ፣ ኢንፑቱንም እንደነበረ ይመልስ፤ ፎርሙን ከመተካትዎ በፊት ይጥሩት።

ለእንዲህ ያለ ሥራ ግን እኔ የምመርጠው ሌላ አደረጃጀት ነው። ሁለት ካሌንደር በአንድ ጊዜ ተከፍቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ለገጹ በሙሉ አንድ ሳጥን ይበቃል። «ዶክዩመንት» ላይ አንድ የ«ፎከስ-ኢን» ሃንድለር ያስሩና ምልክት ያለበት ኢንፑት ሲነካ ሳጥኑን ወደዚያ ያምጡት። («ፎከስ» በራሱ ወደ ላይ አይወጣም፤ «ፎከስ-ኢን» ይወጣል።) ፎርሙ አንድ ሺህ ጊዜ ቢተካ አዲስ የሚታሰር ነገር የለም፤ በኤጃክስ የመጣ ኢንፑትም ማስጀመሪያ ሳይጠራለት ይሠራል።

ሳጥኑ ላይ ቀን ሲጫኑ ምንም ሳይመረጥ የሚዘጋ ከሆነ ምክንያቱ የኢቨንቶቹ ተራ ነው። «ማውስ-ዳውን» ይቀድማል፣ ያኔ ኢንፑቱ ትኩረቱን ያጣና «ብለር» ይመጣል፣ «ክሊክ» የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። በ«ብለር» የሚዘጋ ሳጥን «ክሊኩ»ን አይጠብቅም። ሳጥኑ ውስጥ «ማውስ-ዳውን» ላይ «ፕሪቬንት-ዲፎልት» ይጥሩ፤ የዓመት መምረጫውን ዝርዝር ግን ከዚህ ያውጡት፣ አለዚያ አይከፈትም። የወር ማለፊያ በተኖቹን ዓይነት «በተን» ብለው ይግለጹ፤ ካልገለጹ ሳጥኑ ፎርም ውስጥ በሆነ ጊዜ ወር ማሳለፍ ፎርሙን ይልካል።

ፎርሙ በቡትስትራፕ ሞዳል (ከገጹ በላይ በሚወጣ መስኮት) የሚከፈት ከሆነ ሳጥኑን «ቦዲ» ላይ ሳይሆን ሞዳሉ ውስጥ ይስቀሉት። ሞዳሉ ትኩረት ከእሱ ሲወጣ መልሶ ይጎትተዋል፤ የዓመት መምረጫው ሊነካ አይችልም። የ«ዜድ-ኢንዴክስ»ም (የትኛው ከላይ እንደሚታይ የሚወስነው ቁጥር) ጉዳይ አለ፤ ሞዳሉ በቡትስትራፕ 4 ላይ 1050፣ በ5.3 ላይ 1055 ነው፣ ከዚያ በታች የሆነ ሳጥን ከኋላው ይደበቃል።

ዋጋው ተቀየረ፣ ማንም አልሰማም

በኮድ «.ቫል» ብለው የጻፉት ዋጋ የ«ቼንጅ» ኢቨንት አያስነሳም። በ«.ትሪገር» ቢያስነሱት ደግሞ የሚሰሙት በጄኩዌሪ የታሰሩት ናቸው፤ በ«አድ-ኢቨንት-ሊስነር» የታሰረ ኮድ አይሰማም። ስለዚህ የብራውዘሩን የራሱን «ኢቨንት» ወደ ላይ እንዲወጣ አድርገው ይፍጠሩና በ«ዲስፓች-ኢቨንት» ይልቀቁት፤ ያን ሁለቱም ወገን ይሰሙታል። ዕድሜ የሚያሰላው ሳጥን «አንዳንዴ ይሠራል» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ለሚታየው ኢንፑትና ለሚላከው ዋጋ ሁለት ቦታ ይስጡ። የሚታየው «መስከረም 1 ቀን 2017» ይላል፤ ስሙ የተዛወረበት የተደበቀ ኢንፑት «2024-09-11» ይይዛል። ዳታቤዙ በአንድ አቆጣጠር ይኑር፤ ሁለቱን የሚቀላቅል ዓምድ በኋላ የሚፈታው የለም።

ለካርድ ክፍል የሚሆን ገጽታ

አሥራ ሦስተኛው ወር ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ወደፊትና ወደኋላ ሲኬድ ነው። ከጳጉሜን ቀጥሎ የሚመጣው የሚቀጥለው ዓመት መስከረም ነው። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀረው ጳጉሜን 6 ቀን አላት፤ 2011፣ 2015፣ 2019 እንዲህ ናቸው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ላይ ሆኖ «ከአንድ ዓመት በኋላ» የሚል ሰው የሌለ ቀን ላይ ይወድቃል፤ ወደ 5 ዝቅ ያድርጉት፣ ለተጠቃሚውም ያሳዩት።

ለልደት ቀን የዓመት መምረጫ ግድ ነው። 60 ዓመት ወደኋላ በወር በወር መሄድ 780 ጊዜ መጫን ይጠይቃል። ከዚያም በላይ፣ ብዙ እናቶችና አባቶች የተወለዱበትን ዓመት እንጂ ቀኑን አያውቁም። ሠራተኛው መስከረም 1 ብሎ እንዲሞላ አያስገድዱት፤ ያ የሐሰት ትክክለኛነት ነው፣ በኋላም ከእውነተኛው መስከረም 1 አይለይም። «ዓመት ብቻ» የሚል ምርጫ ይስጡና ይህንኑ በተለየ ዓምድ ይመዝግቡ።

በእጅ የሚጻፍ ቀን ከተቀበሉ የወሩን ስም ከማነጻጸርዎ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ከነዘሮቻቸው ወደ አንድ ይመልሱ። ኅዳርና ህዳር፣ ታኅሣሥና ታህሳስ፣ ጳጉሜንና ጳጉሜ ሁሉም ይጻፋሉ፤ የሚጽፈው ሰው አልተሳሳተም። የወር ስሞቹ እንግዳ ምልክት ሆነው ከታዩ ደግሞ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 መቀመጡን፣ የ«ቻርሴት» ሜታውም በገጹ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ መኖሩን ይዩ።

የቀጠሮ ሰዓት ካለ ከቀኑ ጋር አያዋህዱት። ታካሚው «ጠዋት 3 ሰዓት» ሲል ዳታቤዙ 9:00 መያዝ አለበት፤ የሚታየውና የሚቀመጠው በ6 ሰዓት እንደሚለያዩ አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ።

ለማሳያ ብቻ ከሆነ ብራውዘሩ ራሱ ይበቃል፤ «ኢንትል.ዴትታይም-ፎርማት» የካሌንደሩ ዓይነት «ኢትዮፒክ» ተብሎ ሲሰጠው ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ያሳያል። የሰዓት ቀጠናውን «ዩቲሲ» ብለው ይስጡት። በተጠቃሚ የተጻፈውን ግን አያነብልዎትም። ኪት ዉድ የጻፈው «ካሌንደርስ» የተባለው የጄኩዌሪ ፕለጊንም የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይይዛል፤ የሚፈልጉት ተራ መምረጫ ከሆነ ከመጻፍዎ በፊት ይሞክሩት። ዓመት ብቻ መቀበልና የፊደል ልዩነት ማስተናገድ ከፈለጉ የራስዎን መሥራት ድካሙ ይገባዋል ባይ ነኝ።

11ዱን ገጽ በአንድ ቀን አይለውጡ። መጀመሪያ የስሌቱን ፋይል ብቻ በሁሉም ገጽ ይተኩ፤ ቀን መንሸራተቱ ዛሬውኑ ይቆማል። ከዚያ ፕለጊኑን በቀጠሮ ገጹ ይጀምሩ፤ የአሮጌውን ፈንክሽን ስም አያጥፉት፣ ከውስጡ አዲሱን ፕለጊን እንዲጠራ አድርገው ኮንሶሉ ላይ ከየትኛው ገጽ እንደተጠራ ያስጽፉ። ማስታወሻው ለሁለት ሳምንት ሳይታይ ሲቀር ያንጊዜ ያንሡት።